ሲሳይና እመቤት የሚለው ፎልደር

ሰው ስለ እኔ የሚለውን አውቃለሁ። «እመቤት አፏ አያርፍም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሙሽራን «ይሄ ቀሚስ አያምርብሽም» ብዬ መስታወት ፊት ያስለቀስኩ፣ የንስሐ አባታችንን «አባ፣ ዛሬ ስብከቱ ረዘመ» ያልኩ ሰው ነኝ። እናቴ «ዝም በይ» ሳትለኝ የዋለችበት ቀን የለም። እንዲህ ስለሆነ፣ ላጫውታችሁ የተነሳሁት ተናግሬ ስለተቆጨሁበት ቀን ይመስላችሁ ይሆናል። እሱማ ሞልቷል፤ ለምጄዋለሁ። የእኔ ቁጭት አንድ ጊዜ፣ ሰው «ተናገሪ እንጂ!» እያለ ሲለምነኝ ዝም ያልኩበት ቀን ነው።

ያኔ ጎንደር አዘዞ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ተቀምጬ ከእናቴ ጋር ስነታረክ የሰማው ጎረቤታችን አያ ተገኘ «ልጅቷን ስጭኝ፤ መጮሁ ካልቀረ ደሞዝ እየተከፈላት ትጩህ» ብሎ ወሰደኝ። ፎቶ ቤቱ የእሱ ነው። አያ ተገኘ ካሜራውን ተሸክሞ ያልዞረበት ሰርግ፣ ያልቆመበት ክርስትና የለም። ሲያነሳም ሸጋ አድርጎ ነው። ኮምፒውተሩን ግን ብታዩት ታለቅሱ ነበር። «ሰርግ»፣ «ሰርግ አዲስ»፣ «ሰርግ በጣም አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ»፣ ከዚያ ስም ለማውጣት እንኳ የሰነፈባቸው «ኒው ፎልደር» የሚሉ መዓት ፎልደሮች። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። አንዲት እናት የልጇን የክርስትና ፎቶ ፈልጋ ስትመጣ አንዱን ከፍተን «ይሄ ነው?» ስንል፣ ሌላውን ከፍተን «ይሄስ?» ስንል፣ ልጁ ያድግብናል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም። ፎቶ ቤትም ከሰርጉ ጋር አብሮ ይጾማል፤ የሚመጣው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም፤ ያመኛል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ላስተካክለው ተነሳሁ። መጀመሪያ አራት ትልልቅ ፎልደር ከፈትኩ፦ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ተዝካር። ቀሪውን ሁሉ እያየሁ ወደየቤቱ አስገባሁ። የሰርጎቹን ስም በቤቱ ደንብ መሠረት አስተካከልኩ፤ የሙሽራው ስም ይቀድማል፣ የሙሽራዋ ይከተላል።

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ካየሁት ቪዲዮ አንድ ነገር ተማርኩ። ለካ ፎልደር ቢጫ ሆኖ መቅረት የለበትም! ፎልደሩ ላይ በቀኝ በኩል ጠቅ አድርገሽ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ትይና ከውስጡ የወደድሽውን ፎቶ ከላዩ ትለጥፊለታለሽ። ከዚያ የፎልደሮቹን መጠን ትልቁ ላይ ስታደርጊው ሰው ሳይከፍተው ውስጡ የማን እንደሆነ ያያል። ለእያንዳንዱ ሰርግ ፎቶ እየመረጥኩ ለጠፍኩ። ስክሪኑንም ደንበኛ ከሚቀመጥበት አግዳሚ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ማንበብ የማይችሉ እናቶች መጥተው ገና ሳይቀመጡ «ያችውልሽ! ያች የኔ ልጅ!» ብለው በጣታቸው ሲያሳዩኝ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። አያ ተገኘም «አንች ልጅ፣ ለካ ከጩኸቱ ሥር ጭንቅላት ነበረሽ» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከእነዚህ ፎልደሮች መካከል አንዱ «ሲሳይና እመቤት» ይላል። እመቤት እኔ ነኝ።

ሲሳይ ማን መሰላችሁ? የአያ ተገኘ የካሜራ ረዳት ነበር። እኔ ስገባ ሥራውን ያሳየኝ እሱ ነው። የኋላ ኋላ አዲ አርቃይ ሄዶ ሞባይል መጠገኛና ፎቶ ማተሚያ የራሱን ትንሽ ቤት ከፈተ። ከመሄዱ በፊት አያ ተገኘ ከጀርባ የሚሰቀል አዲስ ሸራ አሠርቶ፣ የሚከራይ ቬሎም ገዝቶ ነበር፤ ለደንበኛ የሚታይ ናሙና ግን የለውም። «ሰው ከየት አመጣለሁ? እናንተው ልበሱ!» አለን። እኔ ቬሎውን ለበስኩ፣ ሲሳይ ሱፉን። ቬሎው ስለሰፋኝ ከጀርባዬ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር፤ የሲሳይ ሱሪ ደግሞ አጥሮት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ። «እጇን ያዛት! ግንባሯን ሳማት! ኧረ እንደ ሰው ሳቁ!» እያለ አያ ተገኘ አነሳን። ሲጨርስ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ እየሳቀ በሁለታችን ስም ሰየመው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጨዋታ።

እኔ ሳስተካክል ይህን ፎልደር ሰርግ ውስጥ አስገባሁት። ናሙና የሚል ሌላ ፎልደር መክፈት ይቻል ነበር። ያኔ ብትጠይቁኝ «ሰርግ ስለሚመስል ነዋ!» ብዬ እጮህባችሁ ነበር። ፎቶም መረጥኩለት።

ሲሳይ እዚያው አዲ አርቃይ አቅራቢያ፣ ዛሪማ ሽማግሌ ልኮ ልጅቷ እንደተፈቀደችለት አያ ተገኘ የነገረኝ በጾሙ አጋማሽ ነው። «ደግ አደረገ» አልኩ። የዚያን ቀን የቆረጥኩት ጉርድ ፎቶ ሁሉ ጠማማ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሲሳይ በሩ ላይ ቆሞ «እሙ! አለሽ?» አለ።

«የት እሄዳለሁ? ጾም ነው፤ ሰው አይጋባ።»

«እኛ ልንጋባ ነው እኮ!» ብሎ ሁለት እንግዶች አስገባ። አንዷ ሙሽራዋ ሰርካለም ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ ሁሉን ነገር የሚያይ ልጅ። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሟ አያ ክንዴ ነው። አባታቸው ስላረጀ የቤቱ ቃል በእሱ እጅ ነው። ጋቢውን እንደለበሰ፣ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጎንደር የወጡት የሰርጉን ልብስ ሊገዙ ነው፤ መንገዳቸውን የአልበሙንና የፎቶውን ነገር ሊጨርሱ ወደ እኛ መጡ። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

«ይህች ናት እመቤት?» አለ አያ ክንዴ። «ሲሳይ መንገዱን ሙሉ ‹እሙ ሸጋ አድርጋ ታሳየናለች› ሲል ነው የመጣ።»

«አሳያችኋለሁ። ሙሽራው አስቀያሚ ከሆነ ግን ኮምፒውተርም አይረዳውም።»

ሰርካለም ከት ብላ ሳቀች። «ሰማህ ሲሳይ? እኔስ ብዬህ ነበር!»

«ሁለት ሆናችሁ መጣችሁብኝ? ለስላሳ ገዝቼ ልምጣ፤ እኔ ሳልኖር እሙኝ» ብሎ ሲሳይ ወጣ።

ሰርካለም ወደ እኔ ጠጋ አለች። «እታለም፣ እስቲ የሌሎቹን ሰርግ አሳይኝ። እንዴት እንደሚቆሙ ልይ። እኔ ካሜራ ፊት እንጨት ነው የምሆን።»

ሰርግ የሚለውን ከፈትኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሙሽሮቹ በየፎልደራቸው ተደርድረው ወጡ። አያ ክንዴ ደስ አለው። «ይህማ ላልተማረም ይሆናል! ደጅ ደጃቸው ላይ ቆመው የሚጠብቁ አይመስሉም?» ሰርካለም «የዚችን ጥልፍ እይልኝ... ይህ ደግሞ ምነው ፊቱን እንዲህ አኮሳተረ? ሰርግ ነው ወይስ ክስ?» እያለች እየሳቅን፣ እኔ ወደ ታች እየጎተትኩ ሄድኩ። ሲሳይ የሚለው እየመጣ እንደሆነ አላሰብኩም። ይህን ስላችሁ ግማሽ ቀን ራሴን አምነዋለሁ፤ ግማሹን ቀን አላምነውም።

ሰርካለም ሳቋ ተቋረጠ።

«ክንዴ» አለች ወንድሟን፣ ቀስ ብላ። «ይህ ሲሳይ አይደል?»

አያ ክንዴ ከአግዳሚው ተነሳ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። መልሶ ቴሌቪዥኑን አየ።

«ሲሳይና እመቤት» ብላ አነበበች ሰርካለም። «አንች ነሽ እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሳቄ ቀደመኝ። «ውይ! ናሙና እኮ ነው! አያ ተገኘ ነው ያለበሰን፤ ለደንበኛ ማሳያ። ሲሳይ እዚህ ይሠራ የለ? ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ?» አለ አያ ክንዴ። «ቬሎ ለጨዋታ ይለበሳል? እጅ ለጨዋታ ይያዛል? እኛ አገር ሰርግ የሚጫወቱት ነፍስ ያላወቁ ልጆች ናቸው።»

«ከተማ ውስጥ ሁሉም ፎቶ ቤት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ማርያምን!»

በዚህ መካከል ሲሳይ ጠርሙሶቹን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ቴሌቪዥኑን አየና እሱም ሳቀ። ሳቁ ለእኔም ለእሱም አልበጀንም። ጠርሙሶቹን አስቀምጦ እኔ ያልኩትን ሁሉ መልሶ አስረዳቸው። ለአያ ተገኘ ደወለለት፤ አያ ተገኘ ተዝካር ላይ ነበር፣ ከበስተጀርባው ጫጫታ ይሰማል። ሲሳይ የስልኩን ድምፅ ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገው። «ኧረ እኔ ነኝ ያለበስኳቸው! ስሙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ! ምን ሆናችሁ? ሱሪው እንኳ አጥሮት ነበር፣ እዩትማ!» አለ አያ ተገኘ።

እውነትም ፎልደሩን ከፍተው ሲያዩ ሱሪው አጥሮት ነበር። ሰርካለም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አያ ክንዴም ከጢሙ ሥር ፈገግ ያለ መሰለኝ። ተመልሶ ተቀመጠ። ሲሳይ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። እኔም ፎልደሩን ዘግቼ ወደ ዝርዝሩ ተመለስኩ። አለቀ ብዬ ነበር።

ሰርካለም ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሳችም።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከየፎልደሩ ላይ ያለውን ስዕል የሚመርጠው ማነው? መሣሪያው ነው?»

መሣሪያው ነው ማለት እችል ነበር። ሳይነኩት ሲተዉት እኮ ራሱ ይመርጣል። ውሸትም አይባልም፤ ግማሹ እውነት ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«የሌሎቹ ሙሽሮች ሁሉ ካሜራውን ነው የሚያዩ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «በዚህኛው ግን ሲሳይ ካሜራውን ያያል። አንች እሱን ታያለሽ። ውስጡ ስንት ፎቶ እያለ ይህን መረጥሽ።»

ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ሲል ይሰማል።

አያ ክንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸጋ። እንግዲህ ነገር አናብዛ። እኛ አገር ሰው ሲጠራጠር ያስምላል። ሲሳይ፣ ማል።»

ሲሳይ አላመነታም። ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ሰፈራችን ቤተክርስቲያን በኩል አዙሮ «ተክለ ሃይማኖት ይመስክርብኝ፤ ከዚህች ልጅ ጋር ምንም የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅ። እህቴ ናት» አለ።

«አንችስ?» አለኝ አያ ክንዴ።

«ምንም አልነበረንም!» አልኩ። ይህ እውነት ነው። በልበ ሙሉነት ነው ያልኩት።

«ምንም እንዳልነበረ አምነናል» አለች ሰርካለም። «በልቤም የለ ብለሽ ማይልኝ። እሱ ይበቃኛል። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሳው።»

እስቲ አስቡት። እኔ እኮ ስለ ሽንኩርት ዋጋ «ማርያምን!» የምል ሰው ነኝ። ስለ ታክሲ ወረፋ የምምል፣ በቀን ስንት ጊዜ የቅዱሳን ስም የምጠራ። አፌን ከፈትኩ። ተክለ ሃይማኖት ከደጃችን ብዙም አይርቅም፤ ክርስትና የተነሳሁበት፣ አባቴ የተቀበረበት ነው። በእሱ ስም ልማል ፈለግኩ። አልሆነልኝም።

«እሙ» አለ ሲሳይ። «ምነው? በይ እንጂ!»

ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ።

«እሙ! ተናገሪ እንጂ! ዛሬ ነው ዝም የምትይው?»

አየሁት። ያኔ የገባው ይመስለኛል። የሚለምነው እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰርካለም ደግሞ እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የምታየው፤ ሲገባው አየችው።

አያ ክንዴ ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። «ልጅቷ መልሳለች» አለ። «እግዜር ይስጥሽ፣ አልዋሸሽም። ሰርኬ፣ ተነሽ።»

«አያ ክንዴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ሲሳይ ተከተላቸው። በመስኮቱ አየኋቸው፤ እሱ እየተናገረ፣ እነሱ ዝም ብለው እየሄዱ። ለስላሳው ሳይከፈት ቀረ።

ልብስ ሳይገዙ በዚያው ቀን ወደ ዛሪማ ተመለሱ። ሲሳይ የፋሲካ ማግስት ሽማግሌ ላከ። አያ ክንዴ ሽማግሌዎቹን አክብሮ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ «ልጁ ጥፋት የለበትም። ግን እህቴን ሌላ ሴት ደጅ ቆማ በምትጠብቀው ቤት አልድራትም» ብሎ መለሳቸው። ይህን የነገረኝ አያ ተገኘ ነው። ሲነግረኝ አልተቆጣም። ብቻ፣ «ያን ፎልደር ከሰርጉ አውጭው» አለኝ። አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ሲሳይ አንድ ቀን የማተሚያ ወረቀት ሊገዛ ጎንደር ወጥቶ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አለ። ከስቷል። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ።

«አልቆጣሽም» አለኝ።

«ተቆጣ ከፈለግህ።»

«አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ያን ቀን ያልማልሽው... ነገሩ እውነት ሆኖ ነው?»

«ምኑ?» አልኩት።

«ምኑ እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

ማውሱን ወዲያ ወዲህ አደረግኩ። አንድ የምርቃት ፎልደር ከፍቼ ዘጋሁ። ጠበቀኝ። ሰው እንደዚያ ሲጠብቀኝ አላውቅም። «አዎ» ብዬው ቢሆን ምናልባት ይቀመጥ ነበር፤ ምናልባት ተነስቶ ይሄድ ነበር፤ አላውቅም። «አይደለም» ብዬው ቢሆን ደግሞ ዛሪማ ሄዶ እግራቸው ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ «ደንበኛ ሊመጣ ነው» አልኩት።

«እሽ» አለ። ወረቀቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚገዛው ከሌላ ከተማ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጥፋቴ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እኔ ብዙ ፈልጌዋለሁ። ፎቶ ማስተካከል ጥፋት አይደለም። ፎልደር ማሳመርም ጥፋት አይደለም። በሐሰት አለመማልስ እንዴት ጥፋት ይሆናል? እናቴ «እግዚአብሔርን ፈርተሻል፣ ምን ያስቆጭሻል?» ትለኛለች። ያስቆጨኛል። ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይመለከተኝ ነገር ስለፈልፍ ኖሬ፣ ስለ ራሴ ልናገር የሚገባኝን አንድ ነገር አንድ ፎቶ እንዲናገርልኝ አደረግኩ። ለዚያውም ለተሳሳተ ሰው ነገረው። ሲሳይ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አጠገቤ ሲሠራ ሳለ ብነግረው ቢያንስ «አይሆንም» ይለኝ ነበር። እኔ አልቅሼ ይወጣልኝ፣ ሰርካለምም ተድራ ቤቷ ትገባ ነበር።

ቀጥተኛ ነኝ እያላችሁ የምትመኩ ሴቶች በተለይ ስሙኝ። ሰውን ስለ ልብሱ፣ ስለ ሱሪው፣ ስለ ስብከቱ መናገር ድፍረት አይደለም። እኔ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ሰዎች «አደገች» ይሉኛል። ማደግ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ። በቅዱሳን ስም መማሉንም ትቻለሁ።

በዚህ ክረምት ሰርካለምን አየኋት። አዘዞ ሚኒባስ መያዣው ጋ፣ ዝናብ እያካፋ ቆሜ፣ አንዱ መጣና ቆመ። በመስኮት በኩል ተቀምጣለች፣ ብቻዋን። ያገባችም ያላገባችም እንደሆነ አላወቅሁም። ልሸሽ ነበር፣ ግን አየችኝ። መስኮቱን ከፈተችው።

«እመቤት» አለች። እታለም አላለችኝም።

«ሰርካለም... እንደምን አለሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።» የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። «ሲሳይ እንዴት ነው?»

«አላውቅም። አንገናኝም።»

«አትገናኙም?»

«አንገናኝም።»

«ነግረሽዋል ግን? ከዚያ በኋላ?»

«አልነገርኩትም» አልኳት።

ገረማት። የተቆጣች አትመስልም፤ አንድ ነገር ተሰርቃ፣ የተሰረቀችውን ዕቃ መንገድ ዳር ተጥሎ ያገኘች ትመስላለች።

«እኔ እኮ ለቅቄልሽ ነበር የሄድኩ» አለች። «እንግዲያ ለማን ብለሽ ነው ያን ሁሉ ያፈረስሽው?»

ረዳቱ «የምትገቢ ከሆነ ግቢ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሰርካለም ጠጋ ብላ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሌላ ሴት ቀድማኝ ገብታ ተቀመጠችበት፤ ሚኒባሱም ሄደ።